ውል አንጽፍም፤ ውሃ ግን እንቆርጣለን

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ባለፈው ክረምት ከዐስር ሶላት በኋላ ከሁለት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ጋር አንድ አከራይና አንድ ተከራይ ለማስታረቅ ተጠርቼ ሄድኩ። የግቢው ባለቤት ዕድሜውን በመኪና መሪ ላይ የጨረሰ ጡረተኛ ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ ያሉት ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ሴት ልጁ ጂዳ በሰው ቤት ሠርታ በላከችው ገንዘብ የቆሙ ናቸው። ተከራዩ መርካቶ ውስጥ ልብስ እያዞረ የሚሸጥ ወጣት ሲሆን ሚስቱ ከወለደች ገና ሃያ ቀኗ ነበር። ሁለቱም የአንድ መስጊድ ሰጋጆች ናቸው፤ በአንድ ሶፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የቆሙበት ጊዜ አይጠፋም።

ግቢው ውስጥ ስንገባ መጀመሪያ ዓይናችን ያረፈው በቧንቧው ላይ ነው። አፉ በሰንሰለት ተጠምጥሞ ቁልፍ ገብቶበታል። የአራሷ ውሃ ከጎረቤት በጀሪካን ይመጣል።

አከራዩ «የአራት ወር ኪራይ አልከፈለኝም» አለ። ተከራዩ «ያለብኝ የሁለት ወር ብቻ ነው፤ የቀረውን በእጁ ሰጥቼዋለሁ» አለ። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት ሼህ «ውላችሁ የታለ?» ሲሉ ጠየቁ። የለም። «ደረሰኝስ?» የለም። «ሲሰጠው ያየ ሰውስ?» እሱም የለም። ያን ጊዜ ሁለቱም በአንድ ጊዜ «ቁርአን ይምጣና ልማል!» አሉ። ሼሁ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። ምክንያቱም ከሁለቱ አንዱ፣ ወይ ዋሽቶ ወይ ረስቶ፣ እውነት ባልሆነ ነገር የአላህን ስም ሊጠራ ነው። ለዚህ ያበቃቸው ደግሞ አንዲት ወረቀት መታጣቷ ነው።

ውድ አንባቢያን! ይህ የአንድ ግቢ ታሪክ አይደለም። ከኮልፌ እስከ ቤቴል፣ ከአየር ጤና እስከ ጀሞ፣ አንድና ሁለት ክፍል የሚያከራዩ ወንድሞችና እህቶች በየሰፈሩ አሉ። ባለ ሕንፃዎች አይደሉም። ጡረተኞች፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶች፣ ልጆቻቸው ዐረብ አገር የላኩላቸውን ይዘው ሁለት ክፍል የቀጠሉ ወላጆች ናቸው። በኪራዩ የልጅ ትምህርት ቤት ይከፈላል፤ መድኃኒት ይገዛል። እኔም አንዲት ክፍል አከራያለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ነገር ራሴንም የሚነካ መሆኑን አውቄ ነው።

የምለውም ይህ ነው፦ እኛ ትንንሽ አከራዮች የጉዳዩን መጀመሪያ በይሉኝታና በግምት እናልፈዋለን፤ መጨረሻውን ግን በጭካኔ እንዘጋዋለን። መጠየቅ የሚገባንን አንጠይቅም፤ መጠየቅ የማይገባንን እንጠይቃለን። መጻፍ የሚገባንን አንጽፍም፤ ነገር ሲበላሽ ግን ቁልፍ ይዘን ወደ ቧንቧው እንሮጣለን። ይህን ሸሪዓው አያውቀውም።

ስንት ልጅ አለህ?

ክፍል ፈልጎ ደጃችንን ያንኳኳ ሰው የሚገጥመውን ጥያቄ እናስታውስ። «ስንት ልጅ አለህ?» «አገርህ የት ነው?» «ብቻህን ነህ? እንግዳ ይመጣብሃል?» ሴት ከሆነች ደግሞ «ባልሽ የት ነው?» ይመጣል። ደላላው ራሱ የአከራዩን ጠባይ ስለሚያውቅ ገና በመንገድ ላይ «ልጅ የለንም በሉ» ብሎ ይመክራቸዋል። እንግዲህ ያ ቤተሰብ ወደ ግቢያችን የሚገባው በውሸት ነው። ውሸቱን ያስተማረውም የእኛው ጥያቄ ነው።

አንድ አባት ሦስት ልጆች ስላሉት በየደጁ ሲመለስ ምን እንደሚሰማው ማን አሰበ? አላህ (ሱ.ወ) ሪዝቃቸውን በእጁ የያዘላቸውን ልጆች እኛ እንደ ወንጀል እንቆጥርበታለን። በጁሙዓ ኹጥባ ስለ ልጅ በረከት ሲነገር አንገታችንን እየነቀነቅን እንሰማለን፤ ቅዳሜ ጠዋት በረከቱ ደጃችን ሲቆም «ይቅርታ፣ ቤቱ ተይዟል» እንላለን። እኔም ብዬዋለሁ። ቤቱ አልተያዘም ነበር።

ትውልድን መጠየቅ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። በሱረቱል ሑጁራት 13ኛ አያህ አላህ ሕዝቦችና ነገዶች ያደረገን እንድንተዋወቅ መሆኑን፣ እርሱ ዘንድ ክብር ያለው በተቅዋ እንደሆነ ነግሮናል። «ሑጁራት» ማለት ክፍሎች ማለት ነው፤ ሱራው የተሰየመው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ክፍሎች ነው። የሚከራይ ክፍል ያለው ሙስሊም ይህን ሱራ ደጋግሞ ቢያነበው ምንኛ በተጠቀመ! በ6ኛው አያህ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘናል። በ11ኛው በሰው ላይ እንዳናላግጥና በመጥፎ ስም እንዳንጠራራ ይከለክለናል። በ12ኛው ከብዙ ጥርጣሬና ከመሰለል ያርቀናል። ማጣራትም፣ የማጣራት ድንበርም በአንድ ሱራ ውስጥ ተቀምጠውልናል።

ታዲያ የሚጠየቀው ምንድን ነው?

«እንግዲያው ዝም ብለን ያገኘነውን ሁሉ እናስገባ?» የሚል ይኖራል። አይደለም! ግመሉን ሳያስር በአላህ መመካት የፈለገውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያም እንዲመካ እንዳዘዙት ቲርሚዚ ዘግበዋል። የልጁን ላብ ክፍል አድርጎ የሠራ አባት ቁልፉን ለማን እንደሚሰጥ መጠየቁ መብቱ ነው። ጥያቄው ምን መሆን አለበት ነው ነገሩ።

ቁርአን መለኪያውን ሰጥቶናል። በሱረቱል ቀሰስ 26ኛ አያህ ከሁለቱ እህትማማቾች አንዷ አባቷን ሙሳን (ዐ.ሰ) እንዲቀጥራቸው ስትመክረው ሁለት ነገር ብቻ ነው የጠቀሰችው፤ ጥንካሬና ታማኝነት። ነገሩ ለሥራ መቅጠር ቢሆንም በፊቅህ ሥራም ሆነ ቤት ሁለቱም «ኢጃራ» በሚለው አንድ በር ውስጥ የሚገቡ ናቸው። ለቤት ኪራይ ስንተረጉመው ጥንካሬው ኪራዩን የመክፈል አቅም ነው፤ ታማኝነቱ አማናን መጠበቅ ነው። የልጅ ብዛት እዚያ ውስጥ የለም። ብሔርም የለም።

የሃይማኖት ጥያቄም እንዲሁ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ መንገድ እንዲመራቸው የቀጠሩት ዐብዱላህ ኢብን ዑረይቂጥ ያን ጊዜ በቁረይሾች ሃይማኖት ላይ የነበረ ሰው ነው። ቡኻሪ እንደዘገቡት ታማኝነቱን አውቀው ግመሎቻቸውን አስረከቡት። ቁረይሾች ነቢዩን በሚያድኑበት ቀን ነፍሳቸውን ለታማኝ ሰው ከሰጡ፣ እኛ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ለታማኝ ክርስቲያን ጎረቤታችን ለመስጠት ምን ያስፈራናል? በአንጻሩ ሙስሊም መሆን ብቻውን የኪራይ ዋስትና እንዳልሆነ ከቧንቧው ግቢ አይተናል።

ታማኝነት እንዴት ይታወቃል? ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) መንገዱን አሳይተውናል። አንድ ሰው ስለ ሌላው መልካምነት ሊመሰክር በቀረበ ጊዜ ሦስት ነገር ጠየቁት፤ ጎረቤቱ ነህ ወይ? አብረኸው ተጉዘሃል ወይ? በዲናርና በዲርሃም ተገበያይተሃል ወይ? ሰውየው ሁሉንም አይደለም ሲል፣ እንግዲያውስ መስጊድ ውስጥ ሲሰግድ አይተኸው ይሆናል እንጂ አታውቀውም ብለው መለሱት። ይህ ለአከራይ የተሰጠ ትምህርት ይመስላል። እኛ ግን ሰውየው ጺም ካለው፣ ሱሪው ካጠረ፣ ወይም «የሼህ እገሌ ዘመድ ነው» ከተባለ ሌላ አንጠይቅም።

የዑመርን ጥያቄዎች ወደ ሰፈራችን እናምጣቸው። ቀድሞ የት ተከራይቶ ነበር? የቀድሞ አከራዩን ስልክ ይስጥ፤ ደውለንም ሁለት ነገር ብቻ እንጠይቅ፤ ኪራዩን በወቅቱ ይከፍል ነበር ወይ? ቤቱን እንደተረከበው መለሰ ወይ? የቀድሞው አከራይ ክፉ ቢናገር ቃሉን እንደ ወረደ አንውሰደው። ተከራዩንም ጠርተን እንስማው። በዚህ ረገድ የእኛው አገር ንጉሥ ነጃሺ ምሳሌያችን ናቸው። የቁረይሽ መልእክተኞች ስደተኛ ሶሓባዎችን አስወጥተው እንዲሰጧቸው ስጦታ ይዘው በመጡ ጊዜ፣ የከሳሹን ወሬ ብቻ ሰምተው አልፈረዱም። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ) አስጠርተው ጠየቁ፤ ሰሙ፤ ከዚያ በኋላ መጠጊያ ሰጡ።

ሥራው ምንድን ነው? ገቢው ኪራዩን ይችላል ወይ? ከወር ገቢው አብዛኛውን በኪራይ የሚጨርስ ሰው ክፉ ስላልሆነ ብቻ ይከፍላል ማለት አይደለም። ይህን አይቶ «ወንድሜ፣ ይህ ክፍል ይከብድሃል፤ አነስ ያለ ፈልግ» ማለት ምክር እንጂ ንቀት አይደለም። መታወቂያውን ማየትና ኮፒውን መያዝ፣ የሚታወቅ ተያዥ መጠየቅ፣ ስንት ሰው እንደሚኖር ማወቅ፣ ክፍሉን ለምን ሥራ እንደሚፈልገው መጠየቅ፣ ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። አስካሪ መጠጥ የሚሸጥበት ከሆነ እምቢ ማለት ግዴታችንም ጭምር ነው። የሰውየው ሚስት ስንት ጊዜ እንደፈታች፣ እህቱ ለምን እንዳላገባች፣ በሌሊት ከማን ጋር በስልክ እንደሚያወራ ግን የእኛ ጉዳይ አይደለም። ከአማናና ከአቅም ውጭ የሚወጣ ጥያቄ ሁሉ መሰለል ነው።

ወንድሜ ነው፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ አባባል ነው። የቁርአን ረጅሙ አያህ ስለ ምን እንደሆነ እናውቃለን? ስለ ሶላት አይደለም፤ ስለ ሐጅም አይደለም። የሱረቱል በቀራ 282ኛ አያህ፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚቆይ ዕዳን ስለ መጻፍ ነው። ትንሽም ሆነ ትልቅ ከመጻፍ እንዳንሰለች፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክሮች እንዲቆሙ፣ ጸሐፊም ምስክርም እንዳይጎዱ ያዛል። አብዛኞቹ ዑለማዎች ትእዛዙን እንደ ግዴታ ሳይሆን እንደ ተወዳጅ ነገር ቢወስዱትም፣ አላህ ከየትኛውም አያህ አስረዝሞ የገለጸውን ምክር «ይሉኝታ ያዘኝ» ብሎ መተው ምን ዓይነት ይሉኝታ ነው? አያው ሲወርድ ሰሚዎቹ ሶሓባዎች ናቸው። እነሱ «በመካከላችን መተማመን አለ» ብለው መጻፍን አልናቁትም። እኛ ከእነሱ የበለጠ እንተማመናለን?

መጻፍ አለመተማመን አይደለም። መጻፍ ወንድማችንን ከመርሳት፣ ራሳችንን ከመካድ መጠበቅ ነው። ሙሳም (ዐ.ሰ) ሲቀጠሩ በደፈናው አልገቡም። ስምንት ዓመት፣ ቢፈቅዱ ዐሥር፤ ቀጣሪው ሊያስቸግራቸው እንደማይሻ ተናገረ፤ ሙሳም አላህን መስካሪ አድርገው ተስማሙ (ቀሰስ 27-28)። ጊዜው የታወቀ፣ ዋጋው የታወቀ፣ ምስክሩ የታወቀ። ፉቀሃዎች ኢጃራ እንዲጸና ኪራዩና ጊዜው የታወቁ መሆን አለባቸው የሚሉት ጭቅጭቅን ከሥሩ ለመንቀል ነው።

አንዳንድ ሽማግሎቻችን ወረቀትን የሚፈሩበት የቆየ ምክንያት እንዳላቸው አውቃለሁ። በ1967 ዓ.ል. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ፣ ለፍተው የሠሩት ሁለተኛ ቤት በአንድ ቀን ከእጃቸው የወጣ ሰዎች በመካከላችን አሉ። ለእነሱ «አከራያለሁ» ብሎ ቢሮ ሄዶ መመዝገብ ያንን ቀን ይመስላቸዋል። ፍርሃታቸውን አልንቅም። ነገር ግን እውነቱን እንናገር፤ ዛሬ ውል የማይጻፈው ብዙውን ጊዜ የ1967ን በማስታወስ ሳይሆን ግብር ለመሸሽ ነው። ውል የሌለው አከራይ የሸሸው ግብር ቀንሶለት ይሆናል፤ ተከራዩ ሲክደው ግን የሚይዘው ማስረጃ የለውም። ያን ጊዜ በሕግ መጠየቅ ስለሚያፍር ቁልፍ ያነሳል። የጭካኔያችን ሥር እዚህ ላይ ነው።

ሕጉም ቢሆን ዛሬ ምርጫ አልሰጠንም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪው በአከራዩ ስሜት ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያወጣው መጠን እንዲሆን ደንግጓል። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ይፈልጋል። ብዙ አከራዮች «ሁለት ዓመት ሙሉ ከማይታወቅ ሰው ጋር ታሰርን» ሲሉ እሰማለሁ። ቅሬታቸው ፍሬ ነገር አለው፤ ባለ አንድ ክፍሏን እናት እንደ ባለ ሕንፃው መቁጠር ሊከብድባት ይችላል። ነገር ግን ጊዜው ረጅም ከሆነ መልሱ ቀድሞ በሚገባ ማጣራትና በሚገባ መጻፍ ነው እንጂ ከውል መሸሽ አይደለም።

በውሉ ላይ ምን ይጻፍ? ኪራዩ ስንት እንደሆነና በስንተኛው ቀን እንደሚከፈል። የመብራትና የውሃ ሒሳብ ቆጣሪው አንድ ከሆነ በምን እንደሚካፈል፤ በሰው ቁጥር ነው ወይስ በክፍል? ሽንት ቤቱን ማን በስንት ቀን እንደሚያጸዳ። የግቢው በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ። ተከራዩ ሲገባ የቤቱ ይዞታ፤ መስኮቱ፣ በሩ፣ አምፖሉ፣ ቀለሙ። ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔ በሽምግልና ከተቀመጥኩባቸው የኪራይ ጠቦች አብዛኞቹ የተነሱት ከኪራዩ ሳይሆን ከመብራት ቢልና ከሽንት ቤት ጽዳት ነው። ሙስሊሞች ሐላሉን ሐራም፣ ሐራሙን ሐላል እስካላደረገ ድረስ በገቡበት ውል የታሰሩ መሆናቸውን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረዋል። ያልተባለ ነገር ግን በምን ያስራል?

ተከራዩ ያስቸገረ ጊዜ

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰው ያስቸግራል። ኪራይ ያቆማል፣ ግቢ ይበጠብጣል፣ ቤት ያበላሻል። አከራዩ ምን ያድርግ?

መጀመሪያ ይለይ፤ ያጣ ነው ወይስ የሚያጭበረብር? ሸሪዓው ለሁለቱ አንድ ፍርድ አልሰጠም። ላጣው ሰው በሱረቱል በቀራ 280ኛ አያህ እስኪያገኝ መታገስ ታዟል፤ ቢተውለት ደግሞ ለተወው ሰው የተሻለ እንደሆነ ተነግሯል። ያጣውን የታገሰ ወይም የማረለትን ሰው አላህ በጥላው ስር እንደሚያስጠልለው ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተስፋ ተሰጥቶታል። እያለው የሚያንገላታውን ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዳይ ብለውታል፤ ይህ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። አራስ ሚስት ያለችው ሱቅ አልባ ነጋዴና፣ ደመወዙን ተቀብሎ ኪራዩን ለቲቪ መግዣ ያዋለው ሰው አንድ አይደሉም። ሁለቱንም በአንድ ቁልፍ የሚቀጣ አከራይ ዳኝነት አያውቅም።

ያጣውን ምን እናድርገው? ቀን ወስነን በጽሑፍ እንታገሰው። «እስከዚህ ቀን ታግሼሃለሁ፤ ዕዳው ይህን ያህል ነው» ብለን ሁለታችንም እንፈርም። ዘካ ከሚገባቸው ሰዎች መካከል በዕዳ የተያዙ ሰዎች አሉበት (ተውባ 60)፤ ጉዳዩን ለመስጊዱ ኮሚቴ ወይም ለሰፈሩ ባለ ሀብት ማድረስ ይቻላል። መክፈል እንደማይችል ከታወቀ ደግሞ ዕዳው ከመቆለሉ በፊት በሰላም እንዲወጣ ማድረግ ለእሱም እዝነት ነው። አከራዩ ራሱ ችግረኛ የሆነ እንደሆነ በትዕግሥት ስም ልጆቹን እንዲያስርብ ሸሪዓው አልጠየቀውም።

የሚያጭበረብረውን በጽሑፍ እናስጠንቅቀው። ሽማግሌ እንጥራ። አልሆነም? ወደ ወረዳው፣ ወደ ፍርድ ቤት እንሂድ። ሕጉ ኪራይ በማይከፍል ተከራይ ላይ ውሉን አቋርጦ የማስወጣት መብት ለአከራዩ ሰጥቷል። መንገዱ ይረዝማል፣ ያደክማል፤ አውቃለሁ። ግን ውል ያለው ሰው መንገዱ ያጥርለታል።

ውሃ መቁረጥን ግን ማንም በሐቅ ስም አይጥራብን! ድመት ዘግታ ሳታበላትና ሳታጠጣት፣ ራሷም ፈልጋ እንዳትበላ ሳትለቃት በሞተች ጊዜ እሳት የገባችውን ሴት ታሪክ ልጆቻችን ሳይቀሩ በመድረሳ ይማሩታል። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ድመቷ ኪራይ አልነበረባትም እንበል። አራሷስ ምን አጠፋች? የሃያ ቀኑ ሕፃንስ የየትኛውን ወር ኪራይ አስቀረ? ዑስማን (ረ.ዐ) በመዲና የሩማን ጉድጓድ በገንዘባቸው ገዝተው ውሃውን ለሰው ሁሉ ለቀቁት፤ እኛ በከተማው ቧንቧ ላይ ሰንሰለት እናስራለን። ዕዳው የባልየው ነው፤ ቅጣቱ ግን በሚስትና በልጅ ላይ ይወርዳል። ማንም የሌላውን ሸክም እንደማይሸከም ቁርአን ደጋግሞ የነገረን ለምን ይሆን?

በሌለበት በሩን መቀየር፣ ዕቃውን ዝናብ ላይ ማውጣት፣ ሌሊት መብራቱን ማጥፋት፣ በሰፈር ፊት መሳደብ፣ እነዚህም ከዚያው ወገን ናቸው። «ቤቴ ነው» የሚለው ቃል እዚህ አይሠራም። በኢጃራ የቤቱ አካል የአከራዩ ነው፤ በውሉ ጊዜ ውስጥ የመኖሪያ ጥቅሙ ግን የተከራዩ ሐቅ ነው። ስለዚህ በሱረቱን ኑር 27ኛ አያህ የእኛ ወዳልሆነ ቤት ፈቃድ ሳንጠይቅና ሰላምታ ሳናቀርብ እንዳንገባ የተከለከልነው ክልከላ የተከራያችንን ክፍልም ይመለከታል። ትርፍ ቁልፍ ይዞ ሴት ያለችበትን ክፍል ከፍቶ የሚገባ አከራይ ይህን አያህ አንብቦት ያውቃል?

ለተከራይም አንድ ቃል

በአከራዩ ላይ ብቻ በርትቼ ተከራዩን ብለቀው ፍትሕ አጎድላለሁ። «አላህ ለሰጠው ሰው ምን ይጎድልበታል?» እያሉ ኪራይ የሚያዘገዩ ወንድሞች አሉ። የሰጠው አላህ ነው፤ ለአንተ እንድትወስድበት ግን አልሰጠውም። የምትኖርባት ክፍል የአንዲት ልጅ የጂዳ ዓመታት ናት፤ ጡቡ የእሷ እንቅልፍ ማጣት ነው። በሌሊት ዕቃህን ጭነህ የመብራት ቢሉን ጥለህ ስትጠፋ ከማን ላይ እንደሰረቅክ አስብ። ሲቸግርህ ደግሞ ቀኑ ሳያልፍ ሄደህ ተናገር። ከአከራዩ ተደብቀህ በኋለኛው በር የምትወጣበት እያንዳንዱ ቀን በእሱ ልብ ውስጥ አንተን ከችግረኛ ወደ አጭበርባሪ ይቀይርሃል። ስትከፍልም በባንክ ወይም በስልክ ክፈል፤ በእጅ ከሰጠህ ፊርማ ተቀበል። ይህን ብታደርግ ኖሮ ያ ለመሐላ ያደረሰው ጠብ ባልተነሳም ነበር።

የኪሳራው ቀን

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓባዎችን ኪሳራ የገባው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቀዋቸው፣ ገንዘብ የሌለው ነው ብለው በመለሱ ጊዜ፣ በትንሣኤ ቀን ሶላትና ጾም ዘካም ይዞ የሚመጣ፣ ነገር ግን ይህን የሰደበ፣ የዚያን ገንዘብ የበላ፣ ይህን የመታ ሰው መሆኑን ነገሯቸው፤ መልካም ሥራው ለበደላቸው ሰዎች ይከፋፈላል፣ ሲያልቅም የእነሱ ኃጢአት በእሱ ላይ ይጫናል። ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው። እንግዲህ የአራት ወር ኪራይ ቀርቶብን የሐጃችንን ምንዳ ለአንዲት አራስ ማስረከብ ምን ዓይነት ንግድ ነው? የተበዳይ ዱዓ ከአላህ ጋር የሚለየው መጋረጃ የለውም፤ ከሰርቪስ ክፍልም ቢሆን ይወጣል።

ወደ ተነሳንበት ግቢ ልመለስ። ሼሁ ስለ ኪራዩ አንድም ቃል ከመናገራቸው በፊት «መጀመሪያ ቧንቧው ይከፈት» አሉ። አከራዩ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየ፤ ከዚያ ተነስቶ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ውሃው ሲወርድ ማንም አልተናገረም። በኋላ ሁለቱ በሦስት ወር ተስማሙ፤ ከሁለት ያላነሰ ከአራት ያልበለጠ። ተከራዩ ዕዳውን በሦስት ጊዜ ሊከፍል፣ አከራዩም ሊታገስ ፈረሙ። በሰፈራችን ስለ ኪራይ ሲጻፍ ሳይ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ የተጻፈውም ጠቡ ካለፈ በኋላ ነው። ሐቁ የማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅንም። አላህ ያውቀዋል።

እኔም በሚቀጥለው ሳምንት ከተከራዬ ጋር ወደ ወረዳው ሄጄ ውላችንን አስመዘገብኩ። አምስት ልጆች አሏቸው።

አላህ (ሱ.ወ) ለአከራዮቻችን ሐላል ሪዝቅና ርኅራኄ፣ ለተከራዮቻችን አማናና ስፋት ይስጥ። በቤቶቻችን ውስጥ በረከትን ያኑርልን። አሚን! ወሏሁ አዕለም።